የተዘጋጁ ዓይኖች

ፈይሩዝ የዓይን ሐኪሞች ከገቡበት የመማሪያ ክፍል የወጣችው እየሳቀች ነበር። በሩ ላይ ቆም ብላ ሻሿን አስተካከለች፤ ከዋርካው ሥር ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀውን ሕዝብ ቃኘችና «የለብሽም አሉኝ» አለች። «ንጹሕ ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። አልሐምዱሊላህ።»

ሰልፉ አብሯት አመሰገነ። ሴቶቹ ትከሻዋን እየነካኩ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፤ አንድ ሽማግሌም «እኔንም እንዲህ ባወጣኝ» ብለው ዱላቸውን አመቻቹ። ከሰልፉ ጭራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው ሁሪያ ብቻ አላመሰገነችም። ጆሮዋ የሰማውን ልቧ አልቀበል ብሏት ነበር። ከትናንት በስቲያ ከዚያች ሴት ቀኝ ዓይን ዐሥራ አንድ ፀጉር የነቀለችው እሷ ራሷ ናት። አንድ ባንድ ቆጥራዋለች።

ከመርሳ በታች ባሉት የማሽላ ማሳዎች መካከል ሁሪያን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ዓይኑን ታሞ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። የዓይን ማዝ ቆቡን ወደ ውስጥ አጥፎበት የገዛ ፀጉሩ ብሌኑን የሚወጋው ሰው ሁሉ መንገዱ ወደ እሷ ደጃፍ ነው። እሷም ከሻሿ ጫፍ ቋጥራ የምትይዛትን ወረንጦ ትፈታለች፤ የበሽተኛውን ራስ ጭኗ ላይ ታስተኛለች፤ በግራ አውራ ጣቷ ቆቡን ቀና አድርጋ ትነቅላለች። የነቀለችውን እያንዳንዱን ፀጉር በበሽተኛው የእጅ ጀርባ ላይ ታስቀምጥና «ይኸው ጠላትሽ» ትላለች። ሰው የወጋውን ነገር በዓይኑ ካላየ ሕመሙ አይወጣለትም ብላ ታምናለች። ዋጋዋ ዱዓ ነው፤ ሌላ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ይዞት ይመለሳል።

ሙያውን ያስተማራት ሰው አይደለም፣ በሬ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የአባቷ በሬ አንድ ዓይኑ ያለማቋረጥ ያነባ ጀመር። አባቷ መዥገር መስሏቸው፣ ቀጭን ጣት ያላት እሷ ናት ብለው ወረንጦ አስያዟት። መዥገር አልነበረም። ከቆቡ ሥር ክር የሚያህል ነጭ ትል ይርመሰመሳል። አባቷ ቀንዱን ይዘው እሷ ሳበችው፤ ከዚያም ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን። የዚያን ዕለት ከበሬው አጠገብ ሳትነሣ ዋለች። የበሬውን እንባ ስትጠጣ የነበረች ዝንብ ተነሥታ ጥጃዋ ዓይን ላይ ስታርፍ አየች፤ ከጥጃዋም ተነሥታ ከታናሽ ወንድሟ ዓይን። ዝንብ እግሯን ሳትጠርግ ከቤት ቤት የምትዞር እንግዳ መሆኗን ማንም ሳይነግራት ያወቀችው ያኔ ነው። ዛሬም መንደሩ ውስጥ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ሳይከድን የሚወጣ ሰው ካለ፣ ሁሪያ ደጁ ድረስ ሄዳ «ዝንቦችህ ደኅና ናቸው?» ትለዋለች። ይህን የተጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይረሳም።

ከፈይሩዝ በኋላ የገቡት ሁለት ሴቶችም ወዲያው ወጡ። ዱላቸውን ያመቻቹት ሽማግሌም ወጡ፤ እየሳቁ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ዐሥራ አምስት ሰው ገብቶ ዐሥራ ሦስቱ «የለባችሁም» ተብሎ ተሰናበተ። ገሚሱ ወደ ማሳው፣ ገሚሱም ወደ መርሳ ገበያ መንገዱን ተያያዘው። ለኦፕራሲዮን የቀሩት ሁለቱ ከወንዙ ማዶ የመጡ፣ የሁሪያ እጅ ያልደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ።

ሁሪያ የተሰናበቱትን በጣቷ ቆጠረች፤ ዐሥራ ሦስቱም በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የጤና ኤክስቴንሽኗ ገነት የደረሰ እርግዝናዋን ይዛ፣ ሁለት ቦታ ላይ እያረፈች እቤቷ ድረስ መጥታ ነበር። «እትዬ ሁሪያ» አለቻት፣ «የታጠፈ የዓይን ቆብ የሚያቀኑ ሐኪሞች ከወልድያ ይመጣሉ። የሚቆዩት አንድ ቀን ነው። የዚህን አገር ዓይን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እባክዎ ሰዎቹን ያዘጋጁልን።» ገነት በሳምንቱ ወልዳ አራስ ቤት ገባች። ሁሪያም አዘጋጀች።

ሙሽራ ሳትታጠብ አትሸኝም። ቤት ሳይጠረግ እንግዳ አይጠራም። እንዲሁም የሰው ዓይን እሾኹን እንደያዘ ሐኪም ፊት አይቀርብም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምሳዋን እንኳ እጇን ለቅለቅ አድርጋ ቆማ እየበላች፣ የሃያ ሁለት ሰው ዓይን አጸዳች። የመጨረሻውን ሰው ስትሸኝ ወገቧን ይዛ «እንዲህ ሆነው ሲያዩዋቸው ሐኪሞቹም ደስ ይላቸዋል» ብላ ነበር። አሁን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ነገሩ ገባት። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት እሾኹን ነበር። እሷ እሾኹን ነቅላ ባዶውን አጥር ልካላቸዋለች።

የተነቀለ ፀጉር በሦስት ሳምንት፣ ቢዘገይ በወሩ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን ከሁሪያ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በፈይሩዝ ቀኝ ብሌን ላይ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ጠብ ብላለች። ፈይሩዝ አውራ ጎዳናው ላይ ለተሳፋሪ ፓፓያና ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ አይታ ወደ መስኮቱ መሮጥ አለባት። ግራ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ኑሮዋን የተሸከመው ቀኙ ነው። ሐኪሞቹ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ነገ ሲሪንቃ ሌላ ሕዝብ ይጠብቃቸዋል፤ የሚመለሱት፣ ከተመለሱ፣ ለከርሞ ነው። ያቺ የጤፍ ፍሬ እስከ ከርሞ ትጠብቃለች? ሁሪያ ብዙ የጤፍ ፍሬ አይታለች። አትጠብቅም።

መናገር ነበረባት። መናገር ማለት ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ መርሳ በተደረገ ስብሰባ አንድ ጎረምሳ መምህር ወረንጦ የያዙ ሴቶች ሕዝቡን ያሳውራሉ ብሎ ተናግሮ ነበር። ሁሪያ ያን ቀን ወረንጦዋን እህል ጎተራ ውስጥ ደበቀች። በሳምንቱ ሰዎች ዓይናቸውን ይዘው እያለቀሱ ሲመጡባት ነው ያወጣቻት። ዛሬም «አላልኳችሁም?» የሚል ይነሣ ይሆናል። ቋጠሮዋን በጣቷ ዳሰሰች፤ ወረንጦዋ እዚያው ናት። ተነሣችና ሰልፉን ትታ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ሮማን የምትባል ወጣት ነርስ የእጅ ባትሪ ይዛ ቆማለች። የገባውን ሁሉ ዓይን የምታየውና የምትለየው እሷ ናት። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በእግሯ የቆመች ስለሆነ ድካሙ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«እማማ፣ ተራዎን ይጠብቁ።»

«ለተራ አልመጣሁም፣ ልጄ። ያጠፋሁት ነገር አለ፤ እሱን ልነግርሽ ነው።»

ሁሪያ የነገረችው አጭር ነበር። ሮማን እየሰማች ባትሪውን አበራችው፣ አጠፋችው። «ሁሉንም እርስዎ ነዎት የነቀሉላቸው?»

«አንድም አላስቀረሁም» አለች ሁሪያ። በዚያ ጭንቅ መካከል እንኳ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች፤ ሙያ ነዋ።

ሮማን የተነቀለ ዓይን ምልክት እንዳለው ተምራለች። የሚነቅሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሩን ይሰብሩታል፤ ጉቶው ይቀራል፤ መርማሪ የሚይዘው በዚያ ጉቶ ነው። ዛሬ ጠዋት ካየቻቸው ዓይኖች ሁሉ አንድም ጉቶ አላገኘችም፤ ሰልፉም ይገፋት ስለነበር ቆቡን ገልብጣ ውስጡን ለማየት አልዘገየችም። ይህን ለራሷ ስታምን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ወደ ውስጥ ገብታ አለቃዋን ጠራችው።

ይታገሱ የወልድያ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ። ቆብ ሲያቀና ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ጓንቱን እያወለቀ ሁሪያን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ቁጣ ስትጠብቅ ቁጣ አላገኘችም።

«ጉቶ የማይተው ነቃይ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ግን እማማ፣ የትኛው ቆብ ምን ያህል እንደታመመ ሳላውቅ ቢላ አላነሣም። ሁሉንም እንደ አዲስ ልመርምር ብል ቀኑ አይበቃኝም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«የሃያ ሁለቱንም?»

«ስማቸው አንዳንዴ ይጠፋኛል» አለች ሁሪያ። «ዓይናቸው ግን አይጠፋኝም።»

ይታገሱ ፈገግ አለ፤ ያመናት ግን አይመስልም። ፈይሩዝ ገና ከዋርካው ሥር ደስታዋን እያወራች ስለነበር ተጠርታ ገባች። ወንበር ላይ አስቀመጣትና አጉሊ መነጽሩን ራሱ ላይ አጠለቀ። ሁሪያ ከጀርባው ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ያየቻት ሮማን ኋላ ለጓደኞቿ ስታወራ፣ ቁርኣን በቃሉ የሚቀራ ሰው ትመስል ነበር ብላለች።

«ቀኝ ዓይን፣ የላይኛው ቆብ። ከአፍንጫው ወገን አራት፤ ሁለቱ ከአንድ ሥር ነው የሚወጡት። መካከል ላይ አምስት። ከጆሮው ወገን ሁለት፤ ከሁለቱ አንዷ ቀጭን ናት፣ ነጭ፤ ከፀሐይ ፊት ካልሆነ አትታይም። እሷ ናት የጤፍ ፍሬዋን የተከለችው።»

ይታገሱ ቆቡን ገለበጠ። ውስጡ ጠባሳ በጠባሳ ነበር። ጠርዙ ላይ የቀሩትን የፀጉር ቀዳዳዎች ከአፍንጫው ወገን ጀምሮ እየቆጠረ ሄደ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከጆሮው ወገን ሲደርስ ቆመ፤ ጎንበስ አለ፤ ብርሃኑን አዞረ። 

«የነጯ ቀዳዳም እዚህ አለች» አለ በመጨረሻ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ወደ ሮማን ዞረ። «ወንበር አምጪላቸው። የሚሉትን ሁሉ ጻፊ። ሾፌሩን ዘጠኝ ሰዓት አንሄድም በይው።»

ፈይሩዝ ሁለቱንም ተራ በተራ አየች። «የለብሽም አላላችሁኝም?» አለች።

«አለብሽ» አለቻት ሁሪያ። «የደበቅሁብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

የቀረው ችግር ከፈይሩዝ ሌላ የተሰናበቱት ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ነበሩ። በየማሳው ተበትነዋል፤ ስልክ ያለው ጥቂቱ ነው፣ ካለው ደግሞ የሚሰማው የለም። ሁሪያ ግን መንገዱን ታውቀዋለች። በሬ የጠፋበትም፣ ሰው የሞተበትም የሚሄደው ወደ መስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። መስጊዱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ ሙአዚኑ አብዱልሐሊም ደግሞ በየወሩ ጭኗ ላይ ራሱን የሚያስተኛ ደንበኛዋ ነው። እሱም ጠዋት «የለብዎትም» ተብለው ከተሰናበቱት አንዱ ነበር።

«ምን ብዬ ልጥራቸው?» አላት።

«ሁሪያ አጥፍታለች፣ ተመለሱ በላቸው።»

አብዱልሐሊም ጢሙን ዳበሰ። ወደ መስጊዱ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ማጉያው አንኳኳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ በማሽላው ላይ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ተዘረጋ። «ጠዋት ትምህርት ቤት ዓይናችሁን የታያችሁ ሰዎች፣ እትዬ ሁሪያ ትጠራችኋለች። አሁኑኑ ተመለሱ።» ሌላ አልጨመረም። ማጉያውን ግን መዝጋት ረሳ። ወዲያው ደግሞ አጠገቡ ላለ ሰው ሲያወራ አገሩ ሁሉ ሰማው። «አጥፍታለች በል ብላኝ ነበር። እንዴት ብዬ እላለሁ? እኔ የማነበው በእሷ ጣት አይደለም እንዴ?»

ከአጥሩ ሥር የቆመችው ሁሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አልለየችውም።

መጡ። ከማሽላው መካከል አንድ፣ ከመርሳ መንገድ ሦስት፣ ቅርጫታቸውን ሳያወርዱ የተመለሱም ነበሩ። እሷ ስትዘጋጅበት የዋለችውን ወቀሳ ማንም አላመጣባትም። ባለ ዱላው ሽማግሌ «እኔስ ቶሎ መዳኔ ገርሞኝ ነበር» ብለው ሰልፍ ያዙ። ሌላዋ ደግሞ «በአንድ ባትሪ የሚድን ቢሆንማ ይህን ሁሉ ዘመን ጭንሽ ላይ ምን አስተኛኝ» አለቻት። በዚህም ተሳቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቀኑ ክፍል ሥራ ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ በተዘረጉት ሁለት አልጋዎች ላይ ይታገሱና አብሮት የመጣው ሐኪም ይቆርጣሉ፣ ያቀናሉ፣ ይሰፋሉ፤ ሁሪያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰው በገባ ቁጥር ፊቱን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ትናገራለች፤ ሮማን ትጽፋለች። ይታገሱ ከአምስተኛው ሰው በኋላ መጠራጠሩን ተወ፤ መመርመሩን ግን አልተወም፣ ሥራው ነውና። አንድ ጊዜ ብቻ አልተስማሙም። በሽማግሌው ግራ ዓይን ላይ እሷ ሦስት አለች፣ እሱ አራት ቆጠረ። ሁሪያ ተነሥታ የቆቡን ጠርዝ በጣቷ ጫፍ ነካችው። «አራተኛዋ እኔ ከነቀልሁ በኋላ የመጣች ናት» አለች። «ገና ለስላሳ ናት፣ እያት።» አያት። ሮማን ያን ጊዜ ብዕሯን አስቀመጠችና እነዚያን ጣቶች ተመለከተች። የተሰነጣጠቁ፣ የማሽላ አገዳ የቆራረጣቸው፣ ጥፍራቸው እስከ ሥጋው የተቆረጠ ጣቶች ነበሩ። ዕድሜ ልኳን ብትማር ለእሷ እንዲህ ያለ እጅ እንደማይኖራት አሰበች፤ በማሰቧም አልከፋትም።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ አለቀ። ፈይሩዝ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁሪያን ሳልይዝ አልሄድም ብላ ነው። ይታገሱ ወገቡን አቃናና መዝገቡን ገለጠ።

«የማን ቀረ?»

«የእሳቸው» አለች ሮማን።

ሁሪያ ወደ በሩ አየች። ለአንድ አፍታ የምትሄድ መሰለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወንበሩ መጣች። ለእሷ ባትሪም አጉሊ መነጽርም አላስፈለገም። በዚያ መንደር ሳይዘጋጅ የመጣ ዓይን የእሷ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ቆቦች ከዳር እስከ ዳር ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ፀጉሩ ተደርድሮ ብሌኑን ይጠርገዋል።

ይታገሱ ሁለቱንም ቆቦች ተራ በተራ ገልብጦ አየ። «ለእርስዎ ማን ነው የሚነቅልልዎት?»

«ማን አለኝ? እየዳሰስሁ የያዝሁትን እይዛለሁ።»

«በዚህ ዓይን ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የሠሩት።»

«ዓይኔ ግማሹን ያሳየኛል» አለች ሁሪያ። «የቀረውን ጣቴ ይጨርሰዋል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ መተኛት ግን አቃታት። ስትፈራ ማንም አይቷት አያውቅም፤ አሁን የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ስትይዝ ፈይሩዝ አየች። አርባ ዓመት የሰው ዓይን በእጇ ገብቷል። የእሷን ዓይን የነካ የሌላ ሰው እጅ ግን የለም። የማታውቀውን ነገር ነው የፈራችው። ይታገሱ መርፌውን ሊያነሣ ሲል እጇን ዘረጋች።

«እጅህን አምጣ።»

ሰጣት። ጓንቱን እንደለበሰ ወረንጦ መሰሉን መቆንጠጫ አስያዘችው፣ እሷም መዳፏን ከእጁ ሥር አድርጋ ጠበቀች። ደጅ ላይ የላንድክሩዘሩ ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ መልሶ አጠፋው። ሁሪያ አሁንም ጠበቀች።

«አይንቀጠቀጥም» አለች። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮውን ፈትታ ወረንጦዋን ለፈይሩዝ አስያዘቻት፤ ቢስሚላህ ብላም ተጋደመች።

ማደንዘዣው ሲገባ ጥርሷን ነከሰች። ይታገሱ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊቷን ሸፍኖ ቆቡን ቀና አደረገና ሥራውን ጀመረ። ጥቂት እንደቆየ የሁሪያ ቀኝ እጅ ከጨርቁ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ጀርባው ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው።

«እማማ፣ አመመዎት?» አለች ሮማን።

«አላመመኝም።»

እጇን ግን አልሰበሰበችም። ሮማን አልገባትም። የገባት ፈይሩዝ ናት፤ የእሷ እጅ ስንት ጊዜ እንዲህ ተዘርግቷል። እትዬ ሁሪያ ጠላቷን እየጠበቀች ነበር፣ ይታገሱ ነቅሎ እጇ ጀርባ ላይ እንዲያስቀምጥላት። ዛሬ የሚነቀል ፀጉር እንደሌለ፣ የሚቀናው ቆቡ እንደሆነ ፈይሩዝ ልትነግራት አሰበችና ተወችው።

ከመስኮቱ መረብ ሾልካ የገባች አንዲት ዝንብ ክፍሉን ዞረች፤ ዞረችና ወደዚያች እጅ ወረደች። ፈይሩዝ በደካማ ግራ ዓይኗ አየቻት። የሻሿን ጫፍ ይዛ ተነሣች፤ ዝንቧ ገና ሳታርፍ አባረረቻት። ከዚያም ወደ በርጩማዋ አልተመለሰችም፤ ዝንብ ደግማ እንደምትመጣ ታውቃለችና፣ አልጋው አጠገብ እንደቆመች ቀረች።